ከመሰላል ሳይወርዱ ሰላምታ

ካርቱም ውስጥ «አቧራ እንዳይነሳ ተጠንቀቅ» የሚል አሠሪ ይገጥመኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። አቧራ በዚያ ከተማ የቤተሰብ አባል ነው። ሳይጠራ ይገባል፣ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ ከምሳ ይካፈላል፤ ማንም «ምነው መጣህ?» አይለውም። እኔ ራሴ ጠዋት ካላክላ ካለችው ክፍላችን ጫማዬን ወልውዬ እወጣና ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከሚኒባስ ስወርድ የማየው የሌላ ሰው ጫማ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ ነው አቧራ ለቅሜ እንዳጠራቅም የተቀጠርኩት።

የቀጠሩኝ ሰው ሐበሻ ቀለም ቀቢ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። በደርግ ጊዜ ለሦስት ወር ብለው ካርቱም ገብተው፣ እኔ ስደርስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። አማርኛቸውን ዐረብኛ ግማሹን በልቶባቸዋል። ሲቆጡ በዐረብኛ፣ ሲጸልዩ በግዕዝ፣ ሰው ሲያሙ ግን ጥርት ባለ አማርኛ ነበር። ሙያቸውን ያውቁበታል። ችግራቸው ጉልበታቸው መሰላል አልወጣም ማለቱ ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ጉልበት ፍለጋ የቀን ሠራተኞች ወደምንቆምበት ቦታ መጡ።

«ያ ወለድ፣ ከፍታ ትፈራለህ?» አሉኝ፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

«እኔ? ገደል አፋፍ ላይ ነው ያደግሁት ጋሼ!»

እውነቴን ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያደግሁት። ከፍታ የምፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህችን ሁለተኛዋን ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋጥኳት።

ሥራው ኦምዱርማን ነው። ቤቱ ሰፊ ግቢ ያለው፣ መካከሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበት የድሮ ቤት ነው። ግድግዳው ደህና ነበር። የተጎዳው እንጨቱ ነው፤ የመስኮቶቹ ክፈፍ፣ መዝጊያዎቹ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ዙሪያውን የሚሄደው ጣውላ። ፀሐይ ቀለሙን አድርቃ ቅርፊት ቅርፊት አድርጋዋለች። አረንጓዴውን ስፍቀው ሰማያዊ ይወጣል፣ ሰማያዊውን ስፍቀው ቡናማ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ነጭ። ስንት ዒድ እንዳለፈበት ከቀለሙ ይቆጠር ነበር። ይህ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ እንጨቱ ለስልሶ፣ ከመጪው ዒድ በፊት አዲስ ቀለም እንዲቀባ ነው የተፈለገው። በእጅ ከታሸ የዓመት ሥራ ነው። ጋሼ ደግሞ የብርጭቆ ወረቀቱን እያንቀጠቀጠች የምታሽ ትንሽ የእጅ ማሽን ነበረቻቸው። ማሽኗ ፈጣን ናት፤ ያሸችውን ሁሉ ግን ዱቄት አድርጋ አየር ላይ ትበትነዋለች።

የቤቱ ባለቤት ሐጃ ናቸው። ቁመታቸው ከመሰላላችን አምስተኛ እርከን አይበልጥም፣ ድምፃቸው ግን ወንዝ ይሻገራል። ልጆቻቸው አድገው ወጥተው ብቻቸውን ይኖራሉ። አስም አለባቸው። ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒት በለበሱት ቶብ ጫፍ ተቋጥሮ ከእሳቸው አይለይም። ዘመዶቻቸው ሁሉ ስለ ሐጃ ደረት ያወራሉ፣ እሳቸው ግን ስለ ደረታቸው ሲወራ አይወዱም።

ሥራውን የሰጠን ታላቁ ልጃቸው ነው። ባሽመሃንዲስ ይሉታል፤ መሐንዲስ መሆኑን የሚረሳ ሰው ቢኖር እሱ ራሱ ያስታውሰዋል። የሚኖረው ወንዝ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ነው። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ አቁሞን ሕጉን ነገረን።

«አቧራችሁ እናቴን ካሳመማት፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። ሥራው ሲያልቅ ትመለሳለች።»

ይህን ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሐጃ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ በፈገግታ ሸኙት። ከዚያ ፈገግታቸውን አጠፉና ወደ እኛ ዞሩ።

«ልጄ ክፉ ሰው አይደለም» አሉ። «ግን ከዚህ በር በሻንጣ ከወጣሁ አልመለስም። ያን ቤት አያችሁት?» ከአጥሩ በላይ በጣታቸው አሳዩን። «ጎረቤቴን ልጆቿ ለሁለት ሳምንት ብለው ወሰዷት። አሁን ሳሎኗ ውስጥ ሞባይል ይሸጣል። እኔ እዚህ ነው ሙሽራ ሆኜ የገባሁት። እዚህ ነው የወለድኩት። የሰው ቤት ጣሪያ እያየሁ መሞት አልፈልግም። አማና!»

አማና ማለት አደራ ነው። ጋሼ ቃሏን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ እኔም ተከትዬ አደረግሁ። የሐበሻ ነገር፣ ደሞዝ ጨምረህ ብትለምነው ያንገራግራል፣ አደራ ካልከው ግን እንቅልፍ የለውም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀለሙ ተረሳ። ሥራችን የሐጃን እስትንፋስ መጠበቅ ሆነ።

በማግስቱ ጋሼ አንድ ከረጢት ሙሉ ኮተት ተሸክመው መጡ። የውሃ ፕላስቲክ ወገቡ ላይ ተቆርጦ እንደ ቀሚስ ለማሽኗ ተደረገላት። ከፕላስቲኩ አፍ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ ተነሳ፤ አንዱ ስላልበቃ ሦስት ቱቦ ተቀጣጠለ፤ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በከለመዳሪ ጎማ እየተጠመጠሙ ታሰሩ። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ታች መሬት ላይ ወዳለው ሙክነሳ ገባ። ሙክነሳ የሚሉት አቧራ የሚስበውን የቤት መጥረጊያ ማሽን ነው፤ ይህኛው የባሽመሃንዲሱ ስለሆነ ከእናቱ ቀጥሎ ስለ እሱ ነበር የሚጨነቀው። ቱቦው እንዳይከብደኝ መሰላሉ ጫፍ ላይ በሽቦ መንጠቆ አንጠለጠልነው። ከመንጠቆው እስከ ማሽኗ ያለው ሁለት ሜትር ያህል ቱቦ፣ እጄ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ልል ተትቷል። ይህችን ልል ቱቦ አንባቢ ልብ ቢልልኝ ደስ ይለኛል፤ እኛ ልብ አላልናትም።

ጋሼ ታች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሰላሉን በእግራቸው ይደግፋሉ፣ ሙክነሳውን ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። እኔ ራሴን በሻሽ ጠምጥሜ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ወደ ታች ላለማየት እየማልኩ ላይ እሆናለሁ። ለመፈተኛ ከመሰላሉ ሥር ነጭ አንሶላ አነጠፍን። ሙክነሳው ሲያጓራ፣ ማሽኗ ስትንጫጫ፣ አረንጓዴው ቀለም እየተፋቀ በቱቦው ውስጥ ሽው እያለ ሲወርድ በጆሮዬ ይሰማኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ አንሶላውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ንጹሕ ነው።

«ሹፍ!» አሉ መዳፋቸውን ወደ እኔ አንስተው። «ሹፍ ያ ወለድ! ወላሂ፣ ይሄንን ፈረንጅ ቢያይ ይሰርቀናል!»

ሲመሽ ከሙክነሳው ሆድ የሚወጣውን ዱቄት ውሃ እያርከፈከፍን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ እናስገባለን። ሐጃ ይህን ጆንያ ወደዱት። ጎረቤት ሴቶችን እየጠሩ «ይሄ ሁሉ ወደ ሳንባዬ ሊሄድ የነበረ ነው» እያሉ ያሳያሉ። ሴቶቹም ከንፈራቸውን እየመጠጡ እንደ ለቅሶ ቤት ጆንያውን ዙሪያውን ያዩታል። ጋሼ ከጎን ሆነው እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ፤ በዚያች ሰዓት ጋሼን ያየ ሰው ቢያንስ ድልድይ የሠሩ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ።

ሐጃ በቀን አሥር ጊዜ ወደ ግቢ ይወጣሉ። ልብስ ያሰጣሉ፣ ለወፎች ውሃ ያስቀምጣሉ፣ ኒሙን ይመረምራሉ፣ ከሁሉም በላይ እኛን ያያሉ። የክፍላቸው በር ሲጮህ ይሰማል። ያን ጊዜ ጋሼ ከድንጋያቸው ብድግ ብለው ሙክነሳውን ያጠፋሉ፤ በታላቅ ሰው ፊት ማስጮህ ነውር ነዋ። እኔ ደግሞ ላይ ነኝ። ታላቅ ሰው ከሥር ቆሞ እኔ ቁልቁል እያየሁ ሰላም ልበል? አያቴ ታመው ተኝተው እንኳ፣ ሰው ሲገባ «ኖር» ብለው በክርናቸው ሊነሱ ይታገሉ ነበር። የእሳቸው የልጅ ልጅ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ ለአንዲት እናት እጁን ቢያወዛውዝ አጥንታቸው ይወቅሰኛል። ስለዚህ ማሽኗን በግራ ብብቴ ሸጉጬ፣ መሰላሉን አንድ አንድ እርከን እየዳሰስኩ፣ ፍርሃቴን እየዋጥኩ እወርዳለሁ። ከሐጃ ፊት ደርሼ አንገቴን ደፍቼ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ ሰላም እላለሁ። ዐረብኛ እርስዎ የሚባል ነገር ስለሌለው ሐጃን እንደ እኩያዬ ነበር የማናግራቸው፤ ምላሴ ያጎደለውን ወገቤ ማሟላት ነበረበት። ደግሞ ሰላምታው አጭር አይደለም። እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው። እሳቸውም በተራቸው ይመርቃሉ። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ፣ እኔም ወደ ገደሌ እወጣለሁ።

«ለዚህ ነው ሐበሻ የሚፈለገው» ይሉኛል ጋሼ ሙክነሳውን እያበሩ። «አደብ አለን።»

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከክፍላቸው ውስጥ ሳል ሰማን። ትንሽ ሳል ነች። ተያየን። ሁለተኛው ቀን ሳሉ በረታ። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ሲነፋ በመስኮቱ ሰማሁ። አንሶላው ግን ንጹሕ ነው! ጋሼ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እያሸተቱ መረመሩ። ጎማውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። መስኮቶቹ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቀልን፣ ግቢውን በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ረጨን፣ ኒሙን ጠረጠርን፣ ወፎቹን ጠረጠርን። ጋሼ በጎረቤት ያለችውን አንዲት ፍየል ሳይቀር ክፉኛ ጠርጥረዋት ነበር። ሦስተኛው ቀን ሐጃ ከሳላቸው የተነሳ አብዛኛውን ሰዓት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

በጣም አዘንኩ። ሐዘኔን የምገልጽበት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ አክብሮቴን ጨመርኩ። ብቅ ሲሉ ከወትሮው ፈጥኜ እወርዳለሁ፣ ከወትሮው ዝቅ ብዬ አጎነብሳለሁ፣ ስለ ጤናቸው ከወትሮው አብዝቼ እጠይቃለሁ። ብሶባቸው ገቡ።

ጎረቤቶቹ ነገሩን ለባሽመሃንዲሱ አድርሰውለት ኖሮ፣ በዚያው ቀን ማምሻውን መጣ። አልጮኸብንም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጋቸው ጎን ተንበርክኮ የእናቱን ጀርባ ሲያሻሽ በበሩ አየሁት። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ሙክነሳዬን ሰጠኋችሁ» አለ። «ምን ላድርግ? ነገ እኩለ ቀን ላይ እመጣለሁ። ይዣት እሄዳለሁ።»

ከውስጥ የሐጃ ድምፅ መጣ። «ነገ መጥተህ ግቢው ውስጥ ቆመህ እይ! በፊትህ ካሳለኝ ውሰደኝ። ካላሳለኝ አፍህን ዝጋ!»

«ኢንሻላህ» አለ ልጃቸው። አንዳንድ ኢንሻላህ እሺ ማለት አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ ሐጃ ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር የጠበቁን። ዓይናቸው እንቅልፍ እንዳልያዘው ያስታውቃል። የሻይ ማቅረቢያቸውን፣ ጥቁሩን ሲኒያ፣ ባዶውን ይዘዋል።

«ዛሬ ሰላምታ የለም» አሉ። «ውጣና ሥራ። አንተ ደግሞ አብራ።»

ወጣሁ፣ ጋሼ አበሩ። ሐጃ መሰላሉ ሥር፣ አንሶላው ላይ ቆመው በአፍንጫቸው ይስባሉ፣ በአፋቸው ያወጣሉ። እኔ የሞትኩ ያህል ፈርቼ አሻለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። አንዲት ሳል የለችም።

«ጠይብ፣ ደህና» አሉና ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ወዲያው በሩ ጮኸ። ጋሼ ብድግ አሉ፣ ሙክነሳው ጠፋ፤ እኔም ሰላምታ የለም መባሉን ረስቼ፣ ማሽኗን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ወርጄ አጎነበስኩ። ያን ጊዜ ሐጃ ሲኒያቸውን በብብቴ ሥር ሰደዱት።

የቀለም ዱቄት እንደ ወንፊት ጤፍ ሽር እያለ ሲኒያው ላይ ወረደ።

ሦስታችንም ሲኒያውን አየን። ነገሩ እንዲህ ነው። ሙክነሳው ሲጠፋ፣ ከመንጠቆው ወዲህ ባለችው ልል ቱቦ ውስጥ የነበረው ዱቄት የሚስበው አጥቶ እዚያው ይቀራል። እኔ ማሽኗን ይዤ ስወርድ ቱቦዋ ቁልቁል ትሆናለች። ሳጎነብስ ደግሞ የማሽኗ ቀሚስ አፍ ከብብቴ ብቅ ብሎ በቀጥታ ወደ ሐጃ ፊት ይዞራል። በቀን አሥር ጊዜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ስለ ጤናቸው እየጠየቅሁ፣ የፋቅሁትን ቀለም አፍንጫቸው ሥር ስዘረግፍላቸው ሰንብቻለሁ። ታላቅ ሰው ፊት ዓይን አይነሳምና እኔ የማየው የራሴን እግር ነበር። ጋሼም ከጎኔ የራሳቸውን እግር።

«ያ ወለዲ» አሉ ሐጃ። «ሥራህስ ደህና ነው። እኔን የሚገድለኝ አደብህ ነው!»

ይህን ብለው ሳቁ። ሳቁና ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ ሆነ፣ እኛ ውሃ ፍለጋ ግቢውን ስንዞር እሳቸው አልጋቸው ላይ ወድቀው መድኃኒቱን እየነፉ ይስቁ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሬቱን ደግሞ ውሃ ረጭተን አጥብቀነዋል።

ጋሼ አንድ መላ አመጡ። «ልጁ ማሽኗን መንጠቆው ላይ ሰቅሎ ባዶ እጁን ይውረድ፤ እኔም ሙክነሳውን ትንሽ አቆይቼ ላጥፋ።»

«የለም» አሉ ሐጃ። «እኔ ስንት ጊዜ ነው የምወጣው? በወጣሁ ቁጥር ከወረድክ ሥራው መቼ ያልቃል? ሥራው ካላለቀ ልጄ ሰበብ አያጣም። ላይ ሆነህ ሰላም በለኝ፣ ላይ ሆነህ ሥራ። ሙክነሳውም አይጥፋ። አንተም ከድንጋይህ እንዳትነሳ።»

«ሐጃ! ዐይብ ነው! ነውር ነው!» አሉ ጋሼ። ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖሩት ሰው እንደ እኔ ነው የደነገጡት።

«ዐይብ እኔን ሻንጣ አሸክሞ ባሕሪ መላክ ነው።»

እሺ አልን። እሺ ማለት ቀላል ነው። ልምምድ ስናደርግ ግን በሩ በጮኸ ቁጥር እግሬ በራሱ ጊዜ አንድ እርከን ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። በአራተኛው ጋሼ ተናደዱ። የተረፈውን ከለመዳሪ አምጥተው ሁለቱን ቁርጭምጭሚቴን ከመሰላሉ እርከን ጋር ጠፍረው አሰሩኝ።

«መጅኑን! እብድ!» አሉ ቋጠሮውን እያጠበቁ። «አሁን አክብር እስቲ!»

ጋሼ የራሳቸውንም እጅ አላመኑትም። ወደ ማጥፊያው እንዳይሄድባቸው ሁለት እጃቸውን ቂጣቸው ሥር አድርገው ተቀመጡባቸው።

እኩለ ቀን ላይ ባሽመሃንዲሱ መጣ። መኪናውን በር ላይ አቆመና፣ እኛን ቀና ብሎ ሳያይ በቀጥታ ወደ እናቱ ክፍል ገባ። ሲወጣ ሻንጣ ይዟል። ከላይ ሆኜ አየሁት፤ ቡናማ ሻንጣ ነው፣ በገመድ የታሰረ። የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ከተተው። «ጊዜ እንዳናባክን» አለ። ከዚያ ግቢው መካከል እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

በሩ ጮኸ። ሐጃ ንጹሕ ነጭ ቶብ ለብሰው ወጡ። ሙክነሳው ያጓራል፣ ማሽኗ ትንጫጫለች። ጉልበቴ ታጠፈ፤ ጎማው ያዘኝ፣ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ታች ላብ አጥምቋቸው እጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ ዐለይኩም ያ ወለዲ!» አሉ ሐጃ።

«ወዐለይኩም አሰላም ሐጃ!» አልኩ ፊቴን ወደ ጣውላው እንዳዞርኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ! ለእናት! ጆሮዬ በእፍረት ጋለ።

እሳቸው ግን አልማሩኝም። የገመድ አልጋቸውን ከመሰላሉ ሥር አስጠግተው ተቀመጡና የሱዳንን ሰላምታ ከነሙሉ ርዝመቱ ጀመሩት። እንዴት ነህ፣ ተማም ነህ፣ ቤተሰብ ተማም ነው፣ አባት፣ እናት፣ ከብቶቹ፣ ዝናቡ። እያንዳንዱን እየጮኽኩ እመልሳለሁ፣ በእያንዳንዱ መሐል ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ጎማው ይስበኛል። ሆን ብለው እንደሚፈትኑኝ ገባኝ። ልጃቸውን ሊያሳዩ ነው የተቀመጡት፣ በዚያው እኔን ማሰቃየቱ ጣመላቸው። በመጨረሻ የበጎቻችንን ጤና ሲጠይቁኝ ጋሼ እንኳ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኛ ቤት በግ ኖሮ አያውቅም።

ባሽመሃንዲሱ አይስቅም ነበር። መጀመሪያ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ መጥቶ አንሶላውን ዳሰሰ፤ ጣቱን ወደ ብርሃን አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ ከእናቱ ጎን አልጋው ላይ ተቀመጠና ጆሮውን ጀርባቸው ላይ አደረገ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከሸሚዝ ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የሚታይ፣ እንደ ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያዳምጣል። ሐጃ ሰላምታቸውን አቆሙ። ረጅም አየር ሳቡ። ያዙት። ለቀቁት። ደገሙት።

ባሽመሃንዲሱ ቀና አለ። ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ጋሼና ሐጃ ከአጥሩ ማዶ ሊያዩት አይችሉም፤ እኔ ከላይ ሆኜ አየሁት። የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ሁለት እጁን ሻንጣው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውየውን ጠልቼው ነበር። ያን ጊዜ ግን እናቱን ለመውሰድ የቸኮለው ማዶ ሆኖ ስለሚፈራ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ስለሚወርድ እንደሆነ ገባኝና አንጀቴን በላው። ከዚያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመልሶ ገባ።

«የት ላስቀምጠው?» አለ።

«ከነበረበት» አሉ ሐጃ።

ይዞት ገባ። እኔ አሁንም ላይ ነኝ፤ ታስሬያለሁ፣ ማሽኗም አልቆመችም። ዓይኔ እየሞላ አንዷን ቦታ ደጋግሜ ሳሽ እንጨቱን ቦረቦርኩት። በዚያ ዘመን የማውቀው ሰው ሁሉ መንገደኛ ነበር። ክፍል የምጋራቸው አምስት ልጆች አንዱ ሊቢያን፣ ሌላው ግብፅን እያሰበ ነበር የሚያድረው፤ እኔም እንደዚያው። ስንቱን ሸኝቻለሁ፣ ለስንቱ ቦርሳ ተሸክሜለታለሁ። ሰው ቤቱ እንዲቀር ያደረግሁት ግን በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሼ ከታች ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ሆነህ ነው ያ ወለድ? ታለቅሳለህ እንዴ?»

አቧራ ገባብኝ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ አቧራ የለም ብለን ገና አሁን ማስመስከራችን ነው።